ዲቴክተር ይዤ እንጦጦ ጫካ ብገባ ምን ችግር አለው ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሥር እስካሁን የመጡት መልሶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ «ቆፍር፣ ማን ያይሃል» ይላል፣ ሌላው «ትታሰራለህ»። ለምን እንደሆነ ያስረዳህ ግን የለም። ዱባይ ያለው የአክስትህ ልጅ ሜታል ዲቴክተር፣ ማለትም የተቀበረ ብረት ሲያገኝ የሚጮኸውን ማሽን፣ ሊልክልህ ነው፣ አንተ ደግሞ እሁድ እሁድ እንጦጦ፣ ሲመችህም ሸገር ፓርክ ይዘህ ገብተህ አሮጌ ሳንቲም ልትፈልግ አስበሃል። እኔ ማሽኑን የማውቀው በሥራ ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ቁፋሮ ሲኖር የብረት ቧንቧው በየት በኩል እንደሚያልፍ ቀድመን የምንፈልግበት እሱ ነው።

አጭሩ መልስ፣ አይሆንም። ሕጉ የሚይዝህ በማሽኑ በኩል ሳይሆን በምትፈልገው ነገር በኩል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንም ሰው ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ እንዳያካሂድ ይከለክላል። ፈቃዱም ሙያው ላለውና ለጥናት ለሚመጣ ሰው የታሰበ ነው፣ ለእሁድ መዝናኛ አይደለም። «እኔ የምፈልገው ሳንቲም እንጂ ቅርስ አይደለም» እንዳትል፣ ቅርስ መሆን አለመሆኑን የምትወስነው አንተ አይደለህም።

«በአጋጣሚ ባገኘውስ?» ብለሃል። አዋጁ እሱንም አልረሳውም። ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፈር ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ያሳውቃል፣ የቅርስ ባለሥልጣኑ እስኪረከበውም ባለበት ይጠብቀዋል። ግን እስቲ አስበው፣ ማሽን ገዝተህ፣ ባትሪ ሞልተህ፣ አካፋ ይዘህ ወጥተህ «በአጋጣሚ አገኘሁት» ብትል ማን ይሰማሃል?

ከላይ አንድ ወንድማችን «የፍትሐ ብሔር ሕጉ ላገኘው ሰው ግማሹን ይሰጣል» ብሏል። ከሜዳ አላመጣውም። የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 1159 ከ50 ዓመት በላይ ተቀብሮ ወይም ተደብቆ የቆየና ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ፣ ለተገኘበት ንብረት ባለቤት ይሆናል፣ ያገኘው ሰው ደግሞ የዋጋውን ግማሽ በወሮታ ያገኛል ይላል። ቀጣዩን አንቀጽ ግን ዘሎታል። 1160 ጥንታዊ ዕቃዎችን ለልዩ ሕግ ይተዋቸዋል፣ ልዩ ሕጉም ያው የቅርሱ አዋጅ 209 ነው። ወርቅ ካሰብክ ደግሞ ማዕድን የመንግሥት ነው፣ በባህላዊ መንገድ ለማውጣትም ፈቃድ ይጠየቃል። «ጣልያን የቀበረው ወርቅ አለ» የሚልህ ሰው ከመጣ ግን ሕጉን ተወውና ኪስህን ጠብቅ።

እንጦጦን ደግሞ እንደ ተራ የባሕር ዛፍ ጫካ አትየው። ምኒልክ በ1882 የነገሡት እዚያ እንጦጦ ማርያም ነው፣ ቤተ መንግሥታቸውም እዚያው አለ። ዕቃው ከወጣበት አፈር ጋር ካልታየ ለአጥኚ ብዙም አይናገርም፣ አንዴ ከነቀልከው ደግሞ መልሰህ ብትቀብረውም ዋጋ የለውም።

በር ላይ የሚገጥምህንም ልንገርህ። እኛ የሥራ ደብዳቤ ይዘን ሄደን እንኳ አንድ ፓርክ በር ላይ ኃላፊው እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ቆመናል። ጥበቃው በእጁ በያዘው ዲቴክተር ኪሴን እየፈተሸ «ይሄ የያዝከው ምንድን ነው?» ይለኛል! የእኔን ሲያየው ደነገጠ። አንተ ያለ ደብዳቤ ምን ልትለው ነው?

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የማታውቀውን ብረት መንካትህ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ማሽኑ ቧንቧ ነው ያለንን ስንገልጠው የክርን ያህል የሚረዝም፣ ጫፉ የሾለ፣ ዝገቱ እየተላጠ የሚረግፍ ነገር ወጣ። አንዱ ልጅ በዶማ ጀርባ አፈሩን ሊያራግፍለት ሲል ፎርማኑ እጁን ቀልቦ ያዘው። ሁላችንም ወጣን፣ ፖሊስ ተጠራ፣ ገመድ ተዘረጋ፣ የመድፍ ጥይት ነበር። እኛ ብዙ ስለነበርን አንዱ አየ፣ ጫካ ውስጥ ብቻህን ብትሆንስ?

ማሽኑን የግድ መሞከር ካማረህ የዘመድ ግቢ አለ፣ ባለቤቱን አስፈቅደህ የጠፋ ቀለበት ወይም ቁልፍ ፈልግበት። ከሚጮኸው አብዛኛው የቢራ ቆርኪና ሚስማር ነው፣ ቶሎ ይሰለችሃል። እዚያም ቢሆን ያረጀ የሚመስል ነገር ከወጣ እንዳታጥበው፣ እንዳትፍቀው፣ ፒያሳ ብር ቤት ይዘኸው እንዳትሮጥ። ባለበት ፎቶ አንሳውና አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ያሉትን የቅርስ ሰዎች ጠይቅ።

ዕቃው ገና ካልተላከ ለአክስትህ ልጅ ዛሬውኑ ደውልለትና እንዲያቆየው ንገረው። መጀመሪያ ጉምሩክ ሄደህ የማሽኑን ስምና ሞዴል አሳይተህ ምን ፈቃድ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ ቦሌ ተይዞ ከቀረ በኋላ መሟገት ሌላ ጣጣ ነው።