ትሪም ታብ ከመግጠምዎ በፊት የጀልባዎን የኋላ ግድግዳ ይመርምሩ

ወንድሜ፣ ያገለገለ ባለ 20 ጫማ የፋይበርግላስ ጀልባ ገዝተው፣ ፍጥነት ሲጨምሩ ፊቱ እየተነሣ ከፊትዎ ያለውን ውሃ እንደሚጋርድብዎ፣ ሁለት ሰው በአንድ ወገን ሲቀመጥም ወደዚያው እንደሚያጋድል ገልጸዋል። ትሪም ታብ፣ ማለትም ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ግርጌ በግራና በቀኝ የሚገጠሙትን በስዊች የሚወርዱና የሚነሡ ሁለት ሰሌዳዎች፣ መግጠሙ ያዋጣ እንደሆነ፣ የሚያዋጣ ከሆነም ሥራውን ራስዎ ይሥሩት ወይስ ለጥገና ቤት ይስጡት ጠይቀዋል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤ ያዋጣል፣ ይግጠሙት። ሁለተኛው ጥያቄ ግን እኔን 4,800 ዶላርና አንድ ሙሉ የዓሣ ወቅት ያስከፈለኝ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍልዎ።

ጀልባዎ እንደ እኔው በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ባለው የባሕር ወሽመጥ፣ በቼሳፒክ ቤይ ላይ የሚውል ይመስለኛል። ይህ ውሃ ስፋቱ ቢያስፈራም ጥልቀቱ በአማካይ 21 ጫማ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ነፋስ ሲነሣ የሚፈጠረው ሞገድ አጭር፣ ቀጥ ያለና ፋታ የማይሰጥ ነው። በተለይ ከአናፖሊስ ከተማ አጠገብ ባለው ቤይ ብሪጅ በተባለው ድልድይ አካባቢ፣ የደቡብ ነፋስ ወደ ውቅያኖስ ከሚወርደው ውሃ ጋር ሲጋጠም፣ ፊቱን ያነሣ ትንሽ ጀልባ ሞገዱን የሚመታው በጠፍጣፋው ሆዱ ነው፤ ምቱንም የሚቀበለው የተሳፋሪው ወገብ ነው። ታቦቹ ሲወርዱ ውሃው የጀልባውን ኋላ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ፊቱ ዝቅ ይላል፣ ስለታሙ የፊት ክፍልም ሞገዱን እየሰነጠቀ ያልፋል። የእኔ ጀልባ ቀድሞ በሰዓት ከ18 ማይል በታች ሲሆን ውሃው ላይ መንሸራተቱን ትቶ ኋላው ወደ ውሃው ዝቅ ይል ነበር፤ ዛሬ በ14 ማይል ሳይቸገር ይሄዳል፤ ሞገድ ባለበት ቀን ይህች ልዩነት ትልቅ ናት።

አንደኛ፣ በመጠኑ ላይ አይቆጥቡ። በሙያው የተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ የጀልባ ጫማ ርዝመት በየጎኑ አንድ ኢንች የታብ ስፋት ነው፤ ቦታ እስከፈቀደ ድረስ ለእርስዎ ጀልባ 20 ኢንች ገደማ ማለት ነው። ጥገና ቤቱ ለእኔ የገጠመው ባለ 12 ኢንቹን ሲሆን፣ ምክንያቱም መጋዘኑ ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ስለነበረ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት። ትንሽ ታብ ሥራውን የሚሠራው እስከ መጨረሻው ሲወርድ ስለሆነ ውሃውን እንደ ፍሬን ይይዛል፣ ነዳጅም ይበላል።

ሁለተኛ፣ ሳይለኩ ትራፓኖ አያንሡ። የታቡ ውጫዊ ጫፍ ከጀልባው የጎን ጠርዝ ሦስት ወይም አራት ኢንች ወደ ውስጥ መግባት፣ ውስጣዊው ጫፍ ደግሞ ከሞተሩ መካከለኛ መስመር ቢያንስ ስምንት ኢንች መራቅ አለበት፤ ያለበለዚያ ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄደውን ውሃ ያውካል። ማጠፊያውም ከሆዱ ጠርዝ ሩብ ኢንች ያህል ከፍ ብሎ ይገጠማል። የዓሣ ማፈላለጊያው ዳሳሽ ያለበትንም ቦታ ይመልከቱ። ከሁሉ በላይ ልኬቱን ጀልባው በራስዎ ተጎታች ላይ እንዳለ ይውሰዱት። የእኔን ታቦች የገጠሙት ጀልባውን በራሳቸው መቆሚያ ላይ አድርገው ስለነበረ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ጀልባውን ከውሃ ሳወጣ የግራው ታብ ከተጎታቹ እንጨት ጋር ተጋጭቶ ተጣመመ።

ሦስተኛ፣ የሚበሱትን ቀዳዳ ሁሉ ያሽጉ። ይህን ምክር በሁለት መስመር ልጨርሰው አልችልም። የብዙ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ከውጭም ከውስጥም ፋይበርግላስ ይሁን እንጂ መሐሉ ኮምፖልሳቶ ነው፤ ኮምፖልሳቶው ካልታሸገ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ የጠጣ እንጨትም በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል። ሞተሩ የተንጠለጠለው ደግሞ በዚሁ ግድግዳ ላይ ነው። ታቦቹ ማጠፊያቸውን፣ ገፊ ክንዶቻቸውንና የሽቦ መውጫቸውን ጨምሮ ከ20 በላይ ቀዳዳዎችን ይጠይቃሉ፤ አብዛኞቹም ከውሃው መስመር በታች ናቸው።

እኔ ሥራውን በ2019 ለአንድ ጥገና ቤት ሰጥቼ፣ ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ጨምሮ 1,450 ዶላር ከፈልኩ። በ2021 መከር ላይ ጀልባውን ሳጥብ ከአንድ ቪት ሥር ቡናማ ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁ። ቪቱን በካቻቢቴ ስነካው ያለ ምንም ትግል በጣቴ ወጣ፤ ጥርሱ ላይ የተጣበቀው እንጨትም እንደ ረጠበ ቡና አተላ ነበር። ማሸጊያው ምን ነበር መሰለዎት? ለመታጠቢያ ቤት የሚውል ሲሊኮን ነበር። ሽቦዎቹም ተጠምዝዘው በተራ የኤሌክትሪክ ቴፕ ተጠቅልለው ነበር። እኔ በሕንፃ ጥገና ሥራ 22 ዓመት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን አሠራር በደረቅ ቤት ውስጥ እንኳ ለተለማማጅ አልፈቅድም።

ፎቶግራፎቹን ይዤ ወደ ጥገና ቤቱ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ፎቶግራፎቹን ሳያይ የሥራ ዋስትናው ለ90 ቀን ብቻ እንደነበረ ነገረኝ፤ ቀጥሎም፣ ከኋላዬ ሌሎች ደንበኞች ቆመው እየሰሙ፣ የፈረምኩትን ወረቀት በእንግሊዝኛ አንብቤ ተረድቼው እንደነበረ ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ ከገንዘቡ ይበልጥ አንገብግቦኛል። ኃላፊው እንዲያነጋግረኝ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አንድ ቀን እንኳ አላገኘሁትም። በመጨረሻ ሌላ የፋይበርግላስ ሠራተኛ የግድግዳውን የውስጥ ሽፋን ቆርጦ፣ የበሰበሰውን እንጨት አውጥቶ በአዲስ ተካው፤ 4,800 ዶላሩ ለዚህ የተከፈለ ነው።

ሁለተኛውን ገጠማ በሁለት ቅዳሜና እሑድ ራሴ ሠራሁት፤ እስከ ዛሬም አንዲት ጠብታ አልገባችም። አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ጥበብ አይጠይቅም። እያንዳንዱን ቀዳዳ ከቪቱ ውፍረት አስፍቼ በሳሁና በውስጡ ያለውን እንጨት ትንሽ ጫርኩት፤ ከዚያም ለማወፈሪያ በተሠራ ዱቄት የወፈረ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ሙጫ፣ ሞልቼ እስኪደርቅ አሳደርኩት፤ በማግሥቱ በደረቀው ኢፖክሲ መሐል ለቪቱ የሚሆን ቀጭን ቀዳዳ በሳሁ። በዚህ መንገድ ቪቱ ከእንጨቱ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ ማሸጊያው አንድ ቀን ቢያረጅ እንኳ ውሃው የሚያገኘው ኢፖክሲን ነው። ቪት የሚገባበትን የላይኛውን ቀለም ጠርዝ ትንሽ ሰፋ አድርገው ካልሞረዱት ይሰነጠቃል። ለማሸጊያ ለጀልባ የተሠራ ፖሊዩሬቴን ይግዙ፤ ስሪ ኤም ከተባለው ኩባንያ ማሸጊያዎች 5200 የሚባለው በጣም ስለሚይዝ ታቡን በኋላ ለማውጣት ያስቸግራል፣ ስለዚህ እኔ 4200ን መርጫለሁ። ሽቦውን በቆርቆሮ የተለበጠ የጀልባ ሽቦ ያድርጉት፤ ፊውዙንም ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ በሚያዘው አምፔር ልክ ባትሪው አጠገብ ያስገቡ።

አጠቃቀሙንም በሚመለከት ሁለት ነገር ልጨምር። በብዙዎቹ ሥሪቶች የግራው ስዊች የሚያንቀሳቅሰው የቀኙን ታብ ነው፤ ስዊቹ የሚናገረው ስለ ታቡ ሳይሆን ስለ ጀልባው ፊት ነውና። የቀኝ ታብ ሲወርድ የቀኝ ኋላው ይነሣል፣ የግራ ፊቱ ይወርዳል። ይህን ሳላውቅ ሽቦው ተሳስቷል ብዬ ልገለብጠው ተነሥቼ ነበር። መጀመሪያ የሞተሩን የታች ክፍል ወደ ኋላ ግድግዳው አስጠግተው ይነሡ፣ ከዚያ ስዊቹን ለአጭር ጊዜ ብቻ ነክተው ጀልባው እስኪመልስ ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቁ፤ አጥብቀው የያዙት እንደሆነ ከሚፈለገው በላይ ወርዶ ጀልባውን ወደ ሌላው ወገን ያጋድለዋል።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ሞገዱ ከኋላዎ ሲመጣ ታቦቹን ሙሉ በሙሉ ያንሡ። በ2022 ሰኔ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ከደቡብ ስንመለስ፣ ጠዋት ሞገዱን ፊት ለፊት ለመቋቋም ያወረድኳቸውን ታቦች ሳላነሣ ቀረሁ። ድልድዩ ጋ ልንደርስ ስንል አንድ ሞገድ ኋላችንን አንሥቶ ሲገፋን የጀልባው ፊት ውሃው ውስጥ ተቀበረ፣ ጀልባውም መሪውን አልሰማ ብሎ ወደ ግራ ተጠመዘዘ። ልጄ ከመቀመጫው ወድቆ ክንዱ ተላጠ። ጋዝ ቀንሼ ታቦቹን ካነሣሁ በኋላ ጀልባው ወዲያው ታዘዘኝ፤ የባለቤቴ እጅ ግን እቤት እስክንገባ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወደ ኋላ ሲነዱም እንዲሁ ያንሷቸው፤ ውሃው ከጀርባ ሲገፋቸው ገፊ ክንዱን ሊያጣምም ይችላል።

አሁን ዕቃውን ከመግዛትዎ በፊት በኋላ ግድግዳው ላይ ካሉት የድሮ ቪቶች አንዱን ነቅለው ጥርሱን ይመልከቱ፤ ደረቅና ነጣ ያለ እንጨት ከወጣ መልካም ነው፣ ጠቁሮና ረጥቦ ከወጣ ግን ታቡን ለጊዜው ይተዉት። በሞተሩ ብሎኖች ዙሪያም በመዶሻ የፕላስቲክ ራስ ቀስ ብለው ይምቱ፤ ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ደግሞ የታፈነ። እኔ ግድግዳዬ ከበሰበሰ በኋላ የእርጥበት መለኪያ ገዝቻለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዎን ድልድዩ አጠገብ ወዳለው የሳንዲ ፖይንት የጀልባ መውረጃ ካመጡት ይዤልዎ እመጣለሁ።