ሲያማችሁ "ምንም አልሆንኩም" አትበሉ

ልጆቼ፣

ቨርጂኒያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ የስንቱን ወጣት ቤዝቦል ወርዋሪ ክርን እንዳሸሁ ቁጥሩን እንጃ። ከነዚህ ፒቸሮች መካከል ያገሬ ልጆችም አሉበት። እነሱን ስማቸውን ሳልጠይቅም እለያቸዋለሁ፤ "የቱ ጋ ነው የሚያምህ?" ስላቸው "ኧረ ምንም አልሆንኩም" ይላሉ። በእኛ ቤት ልጅ የሚመሰገነው ሲችለው ነዋ! እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው።

ክርን ግን ይሉኝታ አያውቅም። ኳሷን 18 ሜትር ከ44 ርቃ ከመቺው አጠገብ ወዳለችው ሰሌዳ በኃይል በላካችሁ ቁጥር ከክርናችሁ በውስጥ በኩል ያለችው አጭር ጅማት ትወጠራለች። ብዙውን ጊዜ ባንድ ቀን አትበጠስም፤ እየሳሳች ትሄዳለች።

የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቡድን ግራኝ ወርዋሪ ቶሚ ጆን እ.ኤ.አ. በ1974 ይህችው ጅማት ተበጠሰችበት። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስደው ተኩለት። 1975ን ሳይጫወት ከርሞ ተመለሰ፤ በሕይወቱ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከዚያ ወዲህ ናቸው። ወላጆች ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ልጃችንም ይሠራለታ!" ይሉኛል። እሱ ግን ያኔ የ31 ዓመት ጎልማሳ ነበር። እናንተ አጥንታችሁ እንኳ ገና አድጎ አላለቀም።

የአሜሪካው ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ የሜጀር ሊግ መመሪያ ለ15 እና ለ16 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ በላይ አይፈቅድም፤ 76 ከደረሰ ደግሞ አራት ቀን ማረፍ አለበት። ችግሩ ቅዳሜ ለትምህርት ቤት፣ እሑድ ለክለብ ስትወረውሩ ነው። ሁለቱም አሠልጣኞች የየራሳቸውን ብቻ ይቆጥራሉ። ድምሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ደብተር ያዙ።

እኔም አንዴ ተሳስቻለሁ። አንድ የ16 ዓመት ልጅ "ድኛለሁ" አለኝ፤ አባቱ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መልማዮች ሊያዩት እንደሚመጡ እየነገረ አጣደፈኝ። ክንዱን ሲዘረጋ ፊቱ ሲጨማደድ እያየሁ ፈቀድኩለት። በሦስተኛው ሳምንት ክርኑን አቅፎ ተመለሰ። ያቺን የፊት መጨማደድ እስከዛሬ አልረሳኋትም።

እናታችሁ ብትሰማ "ና ቪክስ ልቀባህ" ማለቷ አይቀርም። ተቀቡላት። በነጋታው ግን ኳስ ሳትነኩ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ያመማችሁን ቦታ በጣት አሳዩ።