«ቆንጆ ነው፣ ግን አያጫውትም»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አጎቴ በሰጠኝ አሮጌ ኮምፒውተር ከታናሽ እህቴ ጋር ጃዝ ጃክራቢት 2ን እየተጫወትን ነው ያደግነው። ዘንድሮ ክረምት ለጌሙ የራሴን ታይልሴት ሠራሁ። የሐይቁን ዳር፣ አሞራ ገደልን፣ ጀልባዎቹን፣ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ሁሉ ሣልኩ። እህቴ በጣም ወደደችው። አንድ ጓደኛዬ ግን አንድ ሌቭል ተጫወተና «ቆንጆ ነው፣ ግን አያጫውትም» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ፋይሉን መክፈት ራሱ አስጠላኝ። ታይልሴት ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው የሚባለው በምንድን ነው? ፍላሹን ልኬልዎታለሁ፤ እውነቱን ይንገሩኝ።
ዳ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ፍላሹ ደርሶኛል። ሁለት ምሽት ተጫወትኩበት። ጓደኛህ ልክ ነው፣ እህትህም ልክ ናት። እንዴት እንደሆነ ላስረዳህ።

መጀመሪያ ጌሙን ለማያውቁ አንባቢዎች፦ ታይልሴት ማለት የጌሙ ዓለም የሚገነባባቸው የካሬ ስዕሎች ስብስብ ነው። ጃዝ ጃክራቢት 2 እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ አንድ አረንጓዴ ጥንቸል እየሮጠ እየዘለለ የሚተኩስበት ጌም ነው። እያንዳንዱ ካሬ 32 በ32 ፒክስል ነው። ቀለሙ በጠቅላላው 256 ነው። በ640 በ480 ስክሪን ላይ ወደ ጎን 20፣ ወደ ታች 15 ካሬ ይገባል። ባንድ እይታ 300 ካሬ ማለት ነው። ሌቭል መሥሪያው አብሮ ስለመጣ ተጫዋቾች የራሳቸውን ዓለም ሲሠሩበት ይኸው ከ25 ዓመት በላይ ሆነ።

እንግዲህ ወለል የሚያስነጥፍ ሰው ያውቀዋል፤ ሴራሚክ ሱቅ ውስጥ አንዱን አንስተህ ስታየው ሁሉም ያምራል። ጉዱ የሚወጣው ከተነጠፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ስዕሎችህ የተደረደሩበትን ገጽ ከፍቼ ብዙ አልቆየሁም። ባዶ ሌቭል ከፈትኩና ሣርህን ብቻ ከዳር እስከ ዳር አነጠፍኩት።

ሣሩ ላይ አንዲት ቢጫ አበባ አለች። ታምራለች። ሃያ ጊዜ ስትደገም ግን ሣሩ ጠፍቶ የአበባ ሰልፍ ብቻ ሆነ። ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት አልቻለም። አበባዋን ከሣሩ አውጣትና ለብቻዋ ታይል አድርጋት፤ ሌቭል የሚሠራው ሰው ባሻው ቦታ ይትከላት። ሣሩን ደግሞ በሦስት ዓይነት ሣለው፣ ልዩነታቸው ትንሽ ይሁን። መጋጠሚያውን ለማየት አንዱን ታይል ሦስት በሦስት አድርገህ ደርድር። ቀኝ ጫፉ ከግራ ጫፉ፣ ላዩ ከታቹ ካልገጠመ መስመሩ ወዲያው ያስታውቃል። የድንጋይ ግንብህ ይህን ፈተና በደንብ አልፏል። አፈሩ አላለፈም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጓደኛህ «አያጫውትም» ያለው ይህን ይመስለኛል።

በዚህ ጌም ስዕሉ ሌላ፣ ማስኩ ሌላ ነው። ስዕሉ ዓይን የሚያየው ነው። ማስኩ የትኛው ፒክስል ጠጣር፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ ለጌሙ የሚነግረው ነው። ተጫዋቹ የሚሄደው በማስኩ ላይ ነው። አሞራ ገደል ወደ ዓሣው ገበያ የሚወርደውን ደረጃ ሣልክ፤ ሦስተኛው እርከን ላይ የተሰነጠቀች ድንጋይ አድርገሃል። ጎበዝ! ነገር ግን ማስኩን ስታወጣ የድንጋይዋን ጫፍ ሳትነካው ተውካት። አንዲት ፒክስል ወደ ላይ ቀርታለች። ጥንቸሉ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ይመጣል፣ እዚያች ጋ ሲደርስ ቀጥ! አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ አራቴም ቆመ። በተቃራኒው ጀልባው ላይ ሲወጣ እግሩ ከጣውላው በሁለት ፒክስል ከፍ ብሎ አየር ላይ ይቆማል። ለሚያየው ትንሽ ነገር ነው። ለሚጫወተው ግን ያናድዳል፣ ምክንያቱም ዓይኑና ጣቱ የተለያየ ነገር ነው የሚነግሩት። ማስክ ከስዕሉ ይልቅ ቀለል ያለና ለስላሳ ይሁን። ሣር፣ ስንጥቅ፣ ጠጠር ማስክ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ችግር ፊላው ነው። ሐይቁ ዳር ያለውን ፊላ በሚገባ እንዳየኸው ያስታውቃል፤ ወደ አንድ ወገን ዘመም ማለቱ ሳይቀር አለ። ነገር ግን ድምቀቱ ከመሬቱ እኩል ነው። መቆሚያ መስሎኝ ዘለልኩበት፣ ውኃ ውስጥ ገባሁ። ሁለተኛም ገባሁ። እስቲ ስክሪንህን ራቅ ብለህ ዓይንህን ጨፈን አድርገህ እየው። የሚረገጠውና የማይረገጠው ካልተለየልህ፣ የሚጫወተውማ እንዴት ይለየው? ከኋላ ያለው ሁሉ ፈዘዝ፣ ወደ ሰማዩ ቀለም ጠጋ ማለት አለበት። ማለዳ ፍቅር ሐይቅ ቆመህ ማዶ ያሉትን ኮረብታዎች ብታይ ነገሩ ይገባሃል፤ የራቀው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል።

ቀለምን ካነሳን፣ ከ256ቱ ውስጥ አንዱ ክፍል ለጥንቸሉ፣ ለጠላቶቹና ለሚለቀሙት ዕቃዎች የተያዘ ነው። አንተ የሐይቁን ሰማያዊ እዚያ ውስጥ ከተትከው። ለዚህ ነው ጥንቸልህ ግማሽ ፊቱ ሰማያዊ የሆነው። ሆን ብለህ ያደረግከው መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ካሮቱም ሰማያዊ ሆኖ ሳየው ነው የገባኝ። ይህ ግን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

የጎደሉም አሉ። የግንቡ የውስጥ ማዕዘን የለም፣ ጣሪያ የለም። ሌቭል ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ዋሻ ልሥራ ቢል አይችልም። ዛፍህ ላይ ደግሞ ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ነው። ሌቭል መሥሪያው ታይል ወደ ጎን ስለሚገለብጥ፣ የተገለበጠው ዛፍ ፀሐዩን ከቀኝ ያገኛል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁለት ፀሐይ ያለ ይመስላል። ብርሃኑን ከላይ አድርገው፣ ትገላገላለህ።

አሁን እህትህ ለምን ልክ እንደሆነች ልንገርህ። ዓሣ ሻጮቹ ዳስ ጣሪያ ላይ ያቆምከው አባ ኮዳ አንድ ታይል እንኳ አይሞላም። አንገቱን ቀብሮ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ ሰው የጣለውን አንጀት የሚጠብቅበት አቋቋም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀረብ ብዬ ፒክስሉን ቆጠርኩት፤ ጭንቅላቱ አምስት ፒክስል ብቻ ነው። እዚያ ገበያ ስንት ጠዋት ቁጭ ብዬ ዓሣ የበላሁ ሰው ነኝ፣ ሳየው ሽታው ትዝ አለኝ። ብዙ ሰው ቤተ መንግሥትና የጠፈር ጣቢያ ይሠራል። ይህን ግን ያላየ አይሠራውም። ማስክና ቀለም ይታረማል፤ እንዲህ የሚያይ ዓይን ግን አንተ አለህ። ፋይሉን ክፈተው። ከደረጃዋ ጀምር። ስታርመው ደግሞ ፍላሹን መልሰህ ላክልኝ፣ እጫወተዋለሁ።

ጥያቄ፦ የጌሙን ዋና ታይልሴት ቀለሙን ብቻ ቀይሬ የሌሊት አደረግሁት። የራሴ ሥራ ነው ማለት እችላለሁ?
ከአዳማ

መልስ፦ ስዕሉ የእነሱ፣ ሌሊቱ ያንተ ነው። ሁለቱንም አብረህ ጻፍ። ቀለም መቀየር አይናቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ላይ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ስዕል ናቸው፣ የተለየው ቀለማቸው ብቻ ነው። ያንተን ሳየው ግን ሁሉንም እኩል አጥቁረኸዋል። እንዲህ ሲሆን ሌሊት መሆኑ ይቀርና መብራት የጠፋበት ቀን ይመስላል። ቢጫውን ቀንስ፣ ጥላውን ወደ ሰማያዊ ውሰድ፣ መስኮቶቹን ግን እንደ በራ አምፖል ሞቅ አድርገህ ተዋቸው። የሚረገጠው ጠርዝ ላይ ደግሞ ቀጭን የጨረቃ ብርሃን አስምርበት፤ ተጫዋቹ በጨለማ የሚዘልበትን ማየት አለበት።