ቦሌ አራብሳ ምን ይገኛል፣ ምን አይገኝም?

እህቴ፣ «አራብሳ ኮንዶሚኒየም ልገባ ነው፤ ሱቁም ባለሙያውም እዚያው ይገኛል ወይስ ሁሉን ነገር ከመገናኛ ላመላልስ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እዚያው ስለምኖር የማውቀውን ልንገርሽ።

ለዕለት ፍጆታ መገናኛ ድረስ አትድከሚ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ መድኃኒት ቤት በየብሎኩ ሥር አለልሽ። ሽንኩርትና ቲማቲም በብዛት ስትፈልጊ የእሁድ ገበያን ጠብቂ። ግን ማልደሽ ውጪ፤ ከረፈደ የሚደርስሽ ተመርጦ የተረፈው ነው። ሱቆቹ ኪራይ ስለሚከብዳቸው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ፣ ትናንት ሥጋ ቤት የነበረው ዛሬ የሞባይል ጥገና ሆኖ ብታገኚው አይግረምሽ።

ዋናው ጣጣ ፊኒሺንጉ ላይ ነው። ሴራሚክ፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቀለም... ደላላው «ከመሃል ከተማ ጎበዝ ባለሙያ አለኝ፣ በርካሽ ይሠራልሻል» ይልሻል። እኔ የምመክርሽ እዚያው ሳይት የሚኖረውን ነው፣ ትንሽ ቢወደድ እንኳ። ምክንያቱም ቧንቧው የሚያንጠባጥበው ሰውየው ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው! ያኔ ከሩቅ የመጣው ስልክ አያነሳም፤ የሰፈሩን ልጅ ግን ባታገኚው እንኳ ጠዋት ቡና የሚጠጣባት ሴትዮ ያለበትን ትነግርሻለች። ሥራውንም ሄደሽ እዪለት፤ የሠራላቸው ጎረቤቶች በር ስታንኳኪ አይከፉም፣ እንዲያውም ቡና አፍልተው ያሳዩሻል።

የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ጨርሻለሁ ሲልሽ ቀሪውን ክፍያ ወዲያው አትስጪው። አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ ድፊ። ውሃው ወደ ማፍሰሻው ከሄደ ክፈዪው። ጥግ ላይ ከተኛ ግን እዚያው እያለ ያስተካክል፤ ካለዚያ ከታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጋር የምትጣዪው አንቺ ነሽ።

ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶ ወይም በርሜል ቀድመሽ አዘጋጂ፤ የት እንደምታስቀምጪው የብሎኩን ኮሚቴ ጠይቂ። ኮሚቴውን ዕቃ ከማስገባትሽ በፊትም አናግሪያቸው። ጫኝና አውራጅ ልጆች መኪናው ሲቆም ይመጣሉ፤ ዋጋውን ቀድመሽ ቁረጪ፣ ዕቃው መሬት ከነካ በኋላ ድርድር የለም።

ለመታወቂያ ደግሞ ከድሮ ወረዳሽ መሸኛ አጽፊ። አንዳንዱ ሰው አሁንም «ቦሌ ክፍለ ከተማ ሂጂ» ይልሻል፣ ስሙ አሳስቶት ነው። አራብሳ አሁን በለሚ ኩራ ሥር ነው፤ ክፍለ ከተማው በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ነው የተቋቋመው።

ታክሲውን አትጠይቂኝ፤ ጠዋት ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቀድመሽ መውጣት እንጂ ሌላ መላ የለውም።

የትኛው ሳይት እንደደረሰሽ በውስጥ ጻፊልኝ፤ ቧንቧ የሠራልኝን ልጅ አገናኝሻለሁ።