የበጉን ጭንቅላት አትጣይው

ታናሽ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእንስሳት ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። በአናቶሚ ክፍል የውሻ፣ የፈረስና የላም የራስ ቅል ጎን ለጎን ተደርድሮ ካየሽ ወዲህ ልብሽ እዚያው ቀርቷል። «ትምህርቱን ትቼ ወደ ቅሪተ አካል ጥናት ልዙር ወይ? ቤተሰቦቼ ግን አጥንት ምን እንጀራ ይሆናል ይሉኛል» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

መልሴን ላስቀድም። ትምህርቱን አትተዪው፣ ጨርሺው። ሐኪምነቱ ከአጥንት አያርቅሽም።

እስቲ በዚህ ሙያ ስማቸው የሚነሳውን ሰዎች መንገድ ተመልከቺ። በ2016 እ.ኤ.አ. አፋር፣ ወረንሶ ሚሌ ላይ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የሰው ዘር ቅድመ አያት የራስ ቅል ያገኘውን ቡድን የመሩት ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸው በታሪክ ነው። አፋር፣ ዲኪካ ላይ የተገኘችውን የሕፃን ቅሪተ አካል «ሰላም»ን ለዓለም ያስተዋወቁት ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ደግሞ የጀመሩት በጂኦሎጂ ነው። አንቺ በሌላ በር ትገቢያለሽ። የዘመናችንን እንስሳት አጥንት በእጅሽ ታውቂያለሽ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ብዙ ሰው ይህን ሥራ ሁለተኛ ሉሲን መፈለግ አድርጎ ያስበዋል። ከመሬት የሚወጣው አጥንት ግን አብዛኛው የእንስሳ ነው፤ የአጋዘን፣ የጉማሬ፣ የዝንጀሮ፣ የአሳማ። አሳማውን እንዳትንቂው። በኬንያ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ አንድ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው ተብሎ ነበር። በዚያ አካባቢ የተገኙት አሳማዎች ግን በእኛ ኦሞ ሸለቆ ከተገኙት፣ ዕድሜያቸው ከታወቀ አሳማዎች ጋር ሲነጻጸሩ የአመዱ ዕድሜ ያን ያህል እንደማይሆን ተጠረጠረ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ አመዱ እንደገና ሲለካ ወደ 1.9 ሚሊዮን ወረደ። የአሳማን ጥርስ ከአሳማ ጥርስ የሚለይ ዓይን የሳይንስ ክርክር አቀና ማለት ነው። ያንን ዓይን ማሠልጠን ዛሬውኑ መጀመር ትችያለሽ።

በምን? በበዓል ከቤት በሚጣለው። የበጉን ጭንቅላትና የዶሮዋን ጭንቅላት ያዢ። ሁለቱን ስታነጻጽሪ ትልቁ ታሪክ ይገለጥልሻል። የበጉ የታችኛው መንጋጋ በየጎኑ አንድ አጥንት ብቻ ነው። የዶሮዋ ግን ከብዙ አጥንቶች የተገጣጠመ ነው፤ ከራስ ቅሏም ጋር የሚገናኘው ኳድሬት በሚባል ትንሽ አጥንት በኩል ነው። በበጉ መንጋጋ ላይ ኳድሬትን ብትፈልጊ አታገኚውም። ጆሮው ውስጥ ገብቷል! በአጥቢዎች ኳድሬትና ጎረቤቱ አርቲኩላር ከመንጋጋ ሥራ ወጥተው፣ እያነሱ ሄደው፣ ድምፅ የሚያስተላልፉ የጆሮ አጥንቶች ሆነዋል። እኔ ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ጆሮዬን በጣቴ ስነካካ ነው የዋልኩት።

አሠራሩን ልንገርሽ። ሥጋውን ከገፈፍሽ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ከዕቃ ሳሙና ጋር ቀስ ብለሽ አሙቂው። ውሃው እንዳይንተከተክ፤ የአፍንጫው ስስ አጥንት ይሰነጠቃል። ጥርሶቹ ስለሚወልቁ ውሃውን በወንፊት አጥልዪ። የበጉ መንጋጋ ግራና ቀኝ ሊላቀቅብሽ ይችላል፤ ተፈጥሮው ስለሆነ አትደንግጪ። ለማንጣት ከፋርማሲ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዢ። በረኪና ግን በፍጹም፤ አጥንቱን ይበላዋል። በምን እንደሞተ ያልታወቀ እንስሳ አትንኪ። አባ ሰንጋንና የእብድ ውሻ በሽታን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ሜዳ ላይ ቅሪተ አካል ብታዪም አታንሺው። በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ከቦታው ከተነሳ ደግሞ ግማሽ ትርጉሙ ይጠፋል።

በእያንዳንዱ ቅል ላይ ዝርያውን፣ ዕድሜውን፣ ጾታውንና የተገኘበትን ቦታ ጻፊ። ያልተጻፈበት አጥንት ለጥናት ብዙም አይረባም። ከዚያ የዓይኑን ጉድጓድ ጀርባ በጣትሽ ዳብሺ። በበግ፣ በላምና በፈረስ በአጥንት የተዘጋ ነው። በውሻ አጥንቱ ይቋረጥና ክፍተቱን ጅማት ይይዘዋል። ቁራጭ አጥንት ብቻ ሲሰጡሽ የሚያድንሽ እንዲህ ያለው እውቀት ነው።

ስለ እንጀራው አልዋሽሽም። በቅሪተ አካል ጥናት ቋሚ የሥራ ቦታ ጥቂት ነው። መንገዱም ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ፣ ብዙ ጊዜም ውጭ አገር ይጠይቃል። ለዚህ ነው ጨርሺ የምልሽ። ሐኪም ሆነሽ እየሠራሽ፣ ደመወዝሽን እያገኘሽ ማመልከት ትችያለሽ። የቅል እውቀትሽም ክሊኒክ ውስጥ ሥራ አይፈታም። ያደገ በሬ ቀንድ ሲቆረጥ የግንባሩ ክፍተት ለምን እንደሚከፈት፣ ፊቱን ለማደንዘዝ መርፌው የት እንደሚገባ የምታውቂው ከዚሁ ነው። ለእናትሽ ይህንን ንገሪያት።

የመመረቂያ ጥናትሽን ርዕስ ገና ካልመረጥሽ ከራስ ቅል ጋር አገናኚው። አራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም ሄደሽ እዪ። ወደ ብሔራዊ ሙዚየም የቅሪተ አካል ላቦራቶሪ የምትጽፊው ደብዳቤም አጭር ይሁን፤ «ፍላጎት አለኝ» ከማለት ይልቅ ያዘጋጀሻቸውን ቅሎች ዝርዝርና ፎቶ አያይዢ። በነጻ ለማገልገል የምትችዪባቸውን ወራትም ጥቀሺ።

ሁለቱን ቅሎች ስትጨርሺ ጻፊልኝ። የዶሮዋ ኳድሬት ሳይጠፋ ከወጣልሽ ደግሞ ፎቶውን ላኪልኝ።