ጉልበትና ዳሌ ካስቀየራችሁ በኋላ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ አስቀይሮ ስለ ማገገም የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ አሁን ሜሪላንድ እሠራለሁ። ቀዶ ጥገናው የሐኪሙ ነው፣ የኔ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ጉልበት ነው ወይስ ዳሌ፣ ስንተኛ ሳምንት ነው፣ ጉልበት ከሆነ እስከ ስንት ዲግሪ ይታጠፋል። እነዚህን ሳላውቅ የምመልሰው ግምት ነው የሚሆነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷን ካስቀየረች ሰባተኛ ሳምንቷ፣ 95 ዲግሪ ይታጠፋል። ሐኪሙ ኤክስሬዩን አይቶ «በጣም ጥሩ ነው» ይላል። እሷ ግን «ምነው ባላስነካሁት» እያለች ታለቅሳለች፣ ሌሊትም አትተኛም። ተሳስተን ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ በሰባተኛ ሳምንት ስለዚህ ቀዶ ጥገና መፍረድ አይቻልም። ጉልበት እንደ ዳሌ አይደለም። ዳሌ ያስቀየረ ሰው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ «የድሮው ሕመም ለቀቀኝ» ይላል። ጉልበት ግን ሦስት አራት ወር ያብጣል፣ ይሞቃል፤ ሌሊት ደግሞ ይብሳል። መሻሻሉ እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ስለሌለ ብዙዎች ሁለተኛው ወር ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ።

ጉልበት ካስቀየሩ 5 ሰዎች 1ዱ ገደማ በውጤቱ እንዳልረካ ይናገራል፤ በተለያዩ አገሮች ተደጋግሞ የታየ ቁጥር ነው። ከእነዚህ የብዙዎቹ ኤክስሬይ ምንም እንከን የለበትም። ታዲያ ምን ጎደለ? አንዱ ትልቅ ምክንያት የጠበቁትና ያገኙት አለመገናኘቱ ነው። አንዲት እናት መጥተው «አልተሳካልኝም» አሉኝ። ለካሁት፣ 112 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ያለ ምርኩዝ ይሄዳሉ። «ምን ማድረግ አቃተዎት?» ስላቸው «ቡና ማፍላት» አሉኝ። በርጩማቸው ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው! እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ለመነሳት 112 አይበቃም። ቀዶ ጥገናው ከመሠራቱ በፊት «ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ረከቦቱን አጭር ጠረጴዛ ላይ አወጣነው፣ ለእሳቸውም ከፍ ያለ ወንበር ተገኘ። ጉልበቱ ያው ነው፤ ሰውየዋ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። አንቺም እናትሽን ያቃታት ምን እንደሆነ ጠይቂያት፤ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን።

ለእንቅልፏ፦ የታዘዘላትን ማስታገሻ ከመኝታ በፊት እንድትወስድ ከሐኪሟ ጋር ሰዓቱን አስተካክሉ። በረዶ በፎጣ ተጠቅልሎ 15 ደቂቃ ይያዝላት። እና ትራስ ከጉልበቷ ስር አለ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አለ። ማታ ማታ እኔ ነኝ የማደርግላት፣ ያሳርፋታል ብዬ።

መልስ፦ አሁኑኑ አውጪው። ይህን በየቀኑ እናገራለሁ፣ ዛሬም ደጋግሜ እናገራለሁ፦ ትራስ ከጉልበት ስር አይደረግም። ጉልበት ጎበጥ ሲል ስለሚቀለው ያሳርፋል፣ እውነት ነው። ግን እንደ ጎበጠ ካደረ ከኋላ በኩል ያለው ሥጋና ጅማት ያጥርና መዘርጋት ያቅተዋል። ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለ መታጠፉ ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ መዘርጋቱ ነው። ያልተዘረጋ ጉልበት ያለው ሰው ቆሞም አያርፍም፤ የጭኑ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት ስለሚውል ማታ ይቃጠላል። ፎጣ ጠቅልለሽ ተረከዟ ስር አድርጊ፤ ጉልበቱ ከስሩ ምንም ሳይኖር በራሱ ክብደት ይውረድ። ከአምስት ደቂቃ ጀምሩ፣ በቀን አራት ጊዜ። ያማል። ግን ይህ የሚጠቅም ሕመም ነው።

ከሃይፋ፦ ዳሌ፣ ሦስተኛ ሳምንት። ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ መቀመጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ሐኪምህ ዳሌህን የከፈተው ከኋላ ነው ከፊት? እሱን ጠይቀህ እወቅ። ከኋላ ከሆነ እስኪፈቅድልህ ድረስ ጉልበትህ ከዳሌህ በላይ የሚወጣበት መቀመጫ ሁሉ ይቅር። እግር ማጣመርም፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰርም እንደዚያው። ሊወልቅ ይችላል።

ከደሴ፦ አባቴ ጉልበቱን ካስቀየረ አራተኛ ሳምንት። ከትናንት ጀምሮ ባቱ አብጧል፣ ሲነኩት ያመዋል። ሰፈራችን የታወቀ ወጌሻ አለ። አምጥተን ብናሳሸው?

መልስ፦ አይታሽም። ወንድሜ፣ ይህን ስታነብ ተነስና አባትህን ወደ ሆስፒታል ውሰድ። ከእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና በኋላ ባት በድንገት ሲያብጥና ሲያም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደም መርጋት ነው። የረጋው ደም ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው አንድ ደቂቃም አትጠብቁ። የደም ማቅጠኛ ታዞለት ከነበረ እስከ መቼ እንደወሰደ ለሐኪሙ ንገር፤ የመድኃኒቱን ካርቶን ያዝ።

ከአዳማ፦ እህታችን፣ ወጌሻን እንዲህ ባታጥላዪ። ክንዴን ሆስፒታል ሦስት ወር አመላልሶኝ ያዳነኝ ወጌሻ ነው።

ከጎንደር፦ ያንተ ወለምታ ነው ወንድም። የአጎቴን ልጅ ወጌሻ አጥብቆ አስሮት እጁ ተቆርጧል።

ከአዳማ፦ በሆስፒታል ስህተት እጁ የተቆረጠ የለም?

ከአትላንታ፦ ለማንኛውም አቅም ያለው ሕንድ ሄዶ ቢያሠራ ይሻላል።

ከጎንደር፦ እሺ ሕንድ ተሠርቶ መጣ፤ ክትትሉን ማን ያደርግለታል?

መልስ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። የማንንም ሙያ አልናቅሁም። ይህ ጉልበት ግን ውስጡ ብረትና ፕላስቲክ ነው፣ የሚያሽ ሰው በእጁ ዳብሶ የሚያውቀው አጥንት አይደለም። የጎንደሩ ግን ትክክል ጠይቀሃል፦ የትም ተሠሩ የት፣ ስፌት የሚያወጣላችሁንና የሚከታተላችሁን ሐኪም ሳታገኙ አትሳፈሩ። የተገጠመላችሁን ዕቃ ስምና መጠን የያዘውን ወረቀትም አስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ ለሚነካው ሐኪም የግድ ያስፈልገዋል።

ከዱባይ፦ ጉልበቴን ያመኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብቢና ሦስቱን ነገር ጻፊልኝ።

ከአዲስ አበባ፦ ጉልበት፣ አምስተኛ ወር፣ 110 ዲግሪ። ሁዳዴ ሲመጣ መስገድ እችላለሁ? ጠባሳው አጠገብም ቆዳዬ አይሰማኝም።

መልስ፦ ቁስሉ በደንብ ከደረቀና ሐኪምዎ ከፈቀደ መንበርከክ በራሱ የተገጠመውን አይሰብረውም። ግን ብዙ ሰው አይመቸውም፤ አንዱ ምክንያት የጠየቁኝ መደንዘዝ ነው። ቆዳው ሲከፈት ቀጫጭን ነርቮች አብረው ስለሚቆረጡ ከጠባሳው በውጭ በኩል ይደነዝዛል። ቦታው እየጠበበ ይሄዳል፣ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ የሚያስፈራ አይደለም። በመጀመሪያ አልጋ ላይ ትራስ አነጥፈው በጉልበትዎ ይሞክሩ። በ110 ዲግሪ ተረከዝ ላይ መቀመጥ ስለማይቻል አያስገድዱት። ስለ ስግደቱ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ ሙስሊም ወገኖቼም ኢማማችሁን ጠይቁ። በወንበር ላይ ሆነው የሚሰግዱ ታካሚዎች አሉኝ።

ከሐዋሳ፦ ጾሙስ? ሥጋና ወተት ካልበላሁ ቁስሉ ይድናል?

መልስ፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ቦሎቄ፣ ለውዝ በየማዕዱ ይኑር። በባዶ ሆድ መዋሉን ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልመክርም።

ከባሕር ዳር፦ ዳሌ፣ ሦስተኛ ሳምንት። ስፌቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ይወጣል። አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቼ ጀመርኩ። ጠበልም ልጠመቅ አስቤያለሁ።

መልስ፦ ነገ ጠዋት ወደ ሠራልህ ሐኪም። በሦስተኛ ሳምንት ፈሳሽ ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። በራስህ አንቲባዮቲክ ስትጀምር ምን እንደሚሆን ልንገርህ፦ ጀርሙ ሳይሞት ይደበቃል፣ ፈሳሹ ተወስዶ ሲመረመርም አይገኝም። በኋላ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ሲገኝ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይመጣል። መጀመሪያ ይመርመር፣ ከዚያ መድኃኒቱ ይታዘዝ። መጀመርህን ሳትደብቅ ንገረው። ጠበል መጠጣት ማንም አይከለክልህም፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ግን ውኃ ውስጥ አትግባ፣ የቧንቧም ይሁን የጠበል።

ከቶሮንቶ፦ የተገጠመው ስንት ዓመት ይቆያል?

መልስ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. የታካሚዎችን መዝገብ አይቶ በወጣ ትልቅ ጥናት 25 ዓመት ላይ ከጉልበቶቹ 82 በመቶ፣ ከዳሌዎቹ 58 በመቶ ገና ያገለግሉ ነበር።

ከመቀሌ፦ ጉልበት፣ ዘጠነኛ ሳምንት፣ 70 ላይ ቆሟል። «ቀስ ይላል» እያሉኝ ነው።

መልስ፦ ቀስ አይልም። ከተራ ወንበር ሳትቸገር ለመነሳት 90ን ማለፍ አለበት። በዚህ ሳምንት ሐኪምህን አግኝ። በማደንዘዣ አስተኝቶ ጉልበቱን የማጠፍ ሕክምና አለ፤ ያለ ቢላዋ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ጠባሳ ሳይጠነክር፣ በ12 ሳምንት ውስጥ ሲሆን ነው የበለጠ የሚሠራው። ትራስ ከስሩ ካለም ይውጣ!

ከዱባይ፦ ይቅርታ እህቴ። ግራ ጉልበት፣ ስድስተኛ ሳምንት፣ 100 ዲግሪ። ደረጃ ስወርድ ነው የሚያመኝ፤ አሠሪዎቼ ቤት ሦስት ፎቅ አለው።

መልስ፦ ይኸው፣ አሁን ልመልስልሽ እችላለሁ። ስትወጪ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርጂ የተሠራው። መደገፊያውን ያዢ፣ ዕቃ በሁለት እጅ ተሸክመሽ አትውረጂ። ስድስተኛ ሳምንት ላይ ቀኑን ሙሉ ሦስት ፎቅ መመላለስ ግን ከልምምድ ያለፈ ነው። «ደረጃ ይቀነስላት» የሚል ወረቀት ከሐኪምሽ ጠይቂ።

ከደሴ፦ ሆስፒታል ደርሰናል። አልትራሳውንድ ሊያነሱት ነው።

መልስ፦ ጎበዝ። ውጤቱን ጻፍልኝ፣ አልተኛም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ትራሱን አወጣሁት። ፎጣው ተረከዟ ስር ነው፣ እያቃሰተች አራት ደቂቃ ቻለች። ምን እንደቀረባት ጠየቅኳት። «ቆሜ ማስቀደስ» አለችኝ።

መልስ፦ እሱ ይቻላል። ነገ አምስት ደቂቃ በሉ።