የባንኮክን የቻይኖች ሠፈር ከየት ልጀምረው?

ጥያቄ፦ በመጪው ታኅሣሥ አባቴን ለማሳከም ወደ ባንኮክ ስሄድ አንድ ቀን ነፃ እሆናለሁ። «ታሪካዊውን የቻይኖች ሠፈር ሳታዪ እንዳትመለሺ» እባላለሁ። እኛ ሠፈር ቻይኖች ከፋብሪካው ጋር የመጡት ዓይናችን እያየ ስለሆነ፣ «ታሪካዊ» መባሉ ግራ ገባኝ። ወቅቱ የነቢያት ጾም በመሆኑ ምግቡም ያሳስበኛል።
ከዱከም ዳርቻ

መልስ፦ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ያዋራት የሚባለው ይህ ሠፈር የባንኮክ እኩያ ነው። ቀዳማዊ ራማ እ.ኤ.አ. በ1782 ከተማዋን ሲቆረቁሩ፣ ለቤተ መንግሥታቸው በመረጡት ቦታ ላይ ቻይናውያን ነጋዴዎች ሰፍረው ስለነበር፣ ከቅጥሩ ውጭ ወዳለው ሳምፔንግ እንዲዛወሩ ተደረገ። ለልማት ተብሎ የተነሣ ገበሬ ጎረቤት ላላቸው ለእርስዎ ይህ እንግዳ ታሪክ አይመስለኝም።

ስለዚህ ብዙ ጎብኚ እንደሚያደርገው ከያዋራት አውራ ጎዳና አይጀምሩ፤ እርሱ የተሠራው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ በአምስተኛው ራማ ዘመን ነው። ጠዋት በጠባቡ የሳምፔንግ መተላለፊያ ይግቡ። አዝራር፣ ጥብጣብና ዶቃ በጅምላ የሚሸጥበት ይህ መንገድ ዕቃ የጫነ ጋሪ ሲመጣ ወደ ሱቁ ደጃፍ ጠጋ ብለው ካላሳለፉት በቀር አያስኬድም፤ የመርካቶ ልጅ ከሆኑ ይለምዱታል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1871 ወደተሠራው የዋት ማንግኮን ቤተ መቅደስ ይሂዱ፤ በስሙ የሚጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም አለው። ለምሳ በቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ የ«ጄ» ምልክት ያለበትን ቤት ይፈልጉ። በዚያ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ቀርቶ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባም። ምልክት በሌለበት ቤት ግን የአትክልቱ ወጥ ሳይቀር የዓሣ መረቅ ሊጨመርበት ይችላል።

የዋት ትራይሚትን ቤተ መቅደስ ሳያዩ አይመለሱ። ወደ 5.5 ቶን የሚመዝነው የቡድሃ ሐውልት ለዘመናት በልስን ተሸፍኖ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ አዲስ ሕንፃ ሲያዛውሩት ልስኑ ተሰንጥቆ ወርቅ መሆኑ ታወቀ። እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል፤ ትከሻም መሸፈን ስላለበት ነጠላ ይያዙ።

ወርቅ ለመግዛት ካሰቡ አንድ ነገር ይወቁ፦ የእኛ «ብር» የገንዘብም የማዕድንም ስም እንደሆነ ሁሉ፣ የእነርሱ «ባት»ም የገንዘብና የሚዛን ስም ነው። በወርቅ ቤት አንድ ባት ማለት ከ15 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ወርቅ ነው፤ ንጽሕናውም 96.5 በመቶ ስለሆነ እኛ ከለመድነው 18 እና 21 ካራት ይለሰልሳል። የእጅ ዋጋው በተለጠፈው የወርቅ ዋጋ ላይ ስለሚጨመር፣ ከመስማማትዎ በፊት ለብቻው ይጠይቁ።